በገራዶ ወይራ መሀል የሚሮጥ ሰው

 

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወንድም በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ኡስታዝ፣ ከሱብሒ በኋላ ሩጫ ጀምሬ ነበር። በኋላ ግን ይህን ሰዓት ቁርኣን ላይ ባሳልፈው አይሻልም ወይ ብዬ ተውኩት። ደግ አደረግኩ?» ይላል። እኔም «ታዲያ አሁን በዚያ ሰዓት ስንት ገጽ ትቀራለህ?» ብዬ መለስኩለት። ትንሽ ጠፋና «ወላሂ ኡስታዝ፣ ተጋድሜ ስልክ ነው የምነካካው» አለኝ።

እውነቱን ስለተናገረ አላህ ይዘንለት። ሸይጣን ከመልካም ነገር ሲያስወጣን ሁልጊዜ በመጥፎ በር አያስወጣንም። መጀመሪያ የሚበልጥ መልካም ነገር ያሳየንና የያዝነውን ያስጥለናል፤ ቀጥሎ የሚበልጠውንም አናገኘውም። ልጁ ሩጫውንም ቁርኣኑንም አጥቶ ቁጭ አለ። ስለዚህ ዛሬ በጁሙዓ ቀን ስለ ሩጫ ላወራችሁ ነው። «ይህ ኡስታዝ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ሩጫ በዲናችን እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በእግር ተሽቀዳድመዋል። መጀመሪያ እሷ ቀደመች፤ ቆይቶ ሰውነቷ ሲከብድ በሌላ ጊዜ እሳቸው ቀደሟትና ያችን በዚህች አካካሱ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) ደግሞ በፈረስ የመጡ ዘራፊዎችን በእግሩ ተከታትሎ ግመሎቹን ያስጣለ ሶሓባ ነው። ከዚያ ሲመለሱ ከአንሷር አንድ ሰው እስከ መዲና የሚሽቀዳደመው ሲፈልግ፣ ሰለማ ነቢዩን አስፈቅዶ ተወዳደረውና ቀደመው። ይህም በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ለዑምራ መካ ሲገቡ ደግሞ ቁረይሾች «የየስሪብ ትኩሳት አድክሟቸዋል» እያሉ ያሙ ነበርና፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦቻቸው በጠዋፉ የመጀመሪያ ሦስት ዙሮች በሶምሶማ እንዲሄዱ አዘዙ። እስከ ዛሬ ወንዶች በጠዋፍ የሚያደርጉት ያችኑ ነው። ሶምሶማን በካዕባ ዙሪያ ያየ ኡመት ገራዶ ላይ ሲያያት ሊገርመው አይገባም።

ከኛ አገርም ሙሐመድ ከድር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አምጥቷል። ሙክታር እድሪስ በ2017 ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር ሞ ፋራህን ቀድሞ ወርቅ ወስዷል። እኔና አንተ ግን የምንፈልገው ሜዳሊያ አይደለም። ፎቅ ስንወጣ አለማለክለክ ብቻ ይበቃናል።

ደሴ ውስጥ ለመሮጥ የሞከረ ችግሩን ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቤት ስትወጣ ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ቁልቁለት። ባጃጁ አለ፣ የመኪናው ጭስ አለ፣ «ሌባ ነው እንዴ?» ብሎ የሚያይህም አለ። ኮምቦልቻ ያላችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ ትንፋሹ ይቀላችኋል፤ በዚያ ፋንታ ሙቀቱና የጭነት መኪናው አለባችሁ። እኔ የተገላገልኩት በገራዶ ነው። ለማታውቁት ገራዶ ከጦሳ ጀርባ ያለው ሜዳ ነው። ደሴ በአንድ በኩል ጦሳን ተደግፋ ስትቀመጥ ገራዶ በሌላው በኩል ተዘርግቷል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከዋናው መንገድ ወርደህ በእርሻዎቹ መሀል የሚያልፈውን የእግር መንገድ ትይዛለህ። አፈር ነው፤ ጉልበት አይመታም። መጀመሪያ ማሳ፣ ቀጥሎ የመስኖ ቦይ ታገኛለህ፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይልና ወይራዎቹ መሀል ትገባለህ። በነሱ ሥር ጥቂት ከሄድክ በኋላ እንደገና ሜዳ ነው። ደርሶ መልስ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሱብሒን በጀማዓ ሰግደህ፣ ዚክርህን ጨርሰህ ከወረድክ ፀሐይ በጦሳ በኩል ብቅ የምትለው ወይራዎቹ ጋር ስትደርስ ነው።

ስለ ወይራው ትንሽ ልበል። በዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አላህ በሱረቱ-ት-ቲን (95) የማለበት፣ በሱረቱ-ን-ኑር (24፥35) የብርሃኑን ምሳሌ ሲሰጥ ዘይቱን ያነሳው ዘይቱንና የኛ ወይራ የሩቅ አገር ዕፅዋት አይደሉም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሁለቱን በአንድ ዝርያ ሥር ነው የሚመድቧቸው። የኛው የዱር ነው። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ለዘይትም አይበቃም፤ ስለዚህ ለወፍ ይተርፋል። ቅጠሉን ገልብጠህ ብታየው ከላይ ያልጠበቅከው ወርቅ የመሰለ ቀለም ከሥር አለው። የወተት ዕቃ የምናጥነው፣ አራስ ቤት የምናጨሰው፣ አያቶቻችን ለመፋቂያ የሚቆርጡት ይኸው ነው። የሚያድገው በዝግታ ነው። አንተ ቶሎ ቶሎ እየተነፈስክ የምታልፍበት ግንድ አያትህ ሕፃን ሳለም እዚያው ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ልነግራችሁ የፈለግኩት የራሴን ጥፋት ነው።

አንድ ቀን በጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ፣ የቁርኣን ቲላዋ እየሰማሁ እሮጣለሁ። በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ የሚቆጥረው ደቂቃ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ፣ ትናንት ስንት፣ ዛሬ ስንት ነው ሐሳቤ። ወይራዎቹ ጋር ስደርስ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ትልቅ የእንጨት እስር አለ። ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱ። አፋቸውም ተንቀሳቀሰ። ሰላም ብለውኝ ነው ብዬ እኔም እጄን አነሳሁና አለፍኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። «ማሻአላህ፣ የገራዶ ሰው እንዴት ደግ ነው» እያልኩ ነው የሮጥኩት።

ዞሬ ስመለስ እዚያው አሉ። ያኔ ማዳመጫዬን አወጣሁ። «እማማ፣ ደህና አደሩ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። አንተስ ደህና ነህ?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ቅድም ሰላም ብልህ ዝም ብለህ ስትሮጥ ፈርቼልህ ነበር። የሚያባርርህ ነገር አለ ብዬ ከኋላህ አየሁ።»

«ኧረ ምንም የለም እማማ፣ ለጤና ነው» አልኩ።

«እሱስ አልሐምዱሊላህ። ያን ጊዜ ግን ሰው ሲሮጥ ስናይ ዞረን የምናየው ከኋላው ያለውን ነበር።»

ያን ጊዜ ያሉት የ2014ቱን ጥቅምት ነው። ደሴ የነበራችሁ አብራራ አትሉኝም። በዚያ ሰሞን የሮጠ ሁሉ ነፍሱን፣ ልጁን፣ እናቱን ይዞ ነው የሮጠው። ማንም ሳያባርርህ፣ ጠዋት ተነስተህ ለሆድህ ብለህ መሮጥ ከኒዕማዎች ሁሉ የቱን ያህል ትልቅ እንደሆነ እኔ የገባኝ ያን ዕለት ነው። አላህ በሱረቱ ቁረይሽ (106) ቁረይሾችን እንዲገዙት ሲያዛቸው ያስታወሳቸው ሁለት ነገር ነው፤ ከረኃብ ማብላቱንና ከፍርሃት ማሳረፉን። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ብዙ ሰው የሚከስርባቸውን ሁለት ጸጋዎች ሲናገሩ ጤናንና ትርፍ ጊዜን ጠርተዋል። ቡኻሪ ዘግበውታል። ለሶምሶማ የወጣ ሰው ጤናውም ጊዜውም ሰላሙም በእጁ ናቸው።

«ታዲያ እጄን ያነሳሁት ለሰላምታ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «አሸክመኝ ልልህ ነው።»

የገጠር ልጅ የሆናችሁ ይገባችኋል። ለከተማ ልጆች ላስረዳ። እንጨት ያዘለች ሴት ለማረፍ ሸክሟን ካወረደች ብቻዋን መልሳ ማንሳት አትችልም። መንገደኛ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። እሳቸውም እኔን ጠብቀው አገኙኝ፤ እኔ ደግሞ እጄን አውለብልቤላቸው ሄድኩ። ወደ ደሴ ወጥተው የሚሸጡት እንጨት ነው። ሲረፍድ ገዥው ይቀንሳል። ከኔ በፊት ሌላ ሰው አላለፈም። ከኔ በኋላም አላለፈም።

ጎንበስ ብዬ እስሩን ሳነሳው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። አራት ኪሎ ሜትር የሮጠው ጉልበት። እሳቸው ገመዱን አስተካክለው «በል ልጄ፣ አላህ ጉልበትህን አይንሳህ» ብለው ቀጥ ብለው ተነሱ። «ልሸከምልዎት» ብላቸው ሳቁብኝ፤ «አንተ ሩጫህን ሩጥ» አሉኝ። አልሮጥኩም። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ከጎናቸው ሄድኩ። ከዚያ እኔ ሚኒባስ ያዝኩ። እሳቸው ዳገቱን ያዙ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ያስጨነቀኝ የሰላምታው ጉዳይ ነው። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። በሱረቱ-ን-ኒሳእ (4፥86) አላህ የተሰጠንን ሰላምታ በተሻለ ወይም ቢያንስ በአምሳያው እንድንመልስ አዞናል። «ያልሰማ ሰው ግን ተጠያቂ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ያልሰማ አይጠየቅም። ጆሮውን በገዛ እጁ የደፈነስ? እዚህ ላይ ፈትዋ አልሰጥም። ለራሴ ግን ፈርጃለሁ። የሰማሁት ቁርኣን ነበር፤ ቁርኣኑ መልስ ብሎ ያዘዘኝን ሰላምታ ግን አላሰማኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ማዳመጫ አልሰካም። ብቻዬን ሜዳ ላይ ስሆን እሰማለሁ፤ ቤት ስታዩ፣ ሰው ስታዩ አውጡት ነው የምላችሁ።

መንገድ ሐቅ አለው። ይህን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሶሓቦች ነው ያስተማሩት። ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በበጎ ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ነው ብለዋቸዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ ካለበት የሚሮጠው እንዴት ይቀርለታል? በሌላ ሀዲስ ደግሞ የሚጋልበው የሚራመደውን፣ የሚራመደው የተቀመጠውን ሰላም እንዲል ታዟል። ስለዚህ ሰላምታውን መጀመር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለኔ የተገባውን ሱና እሳቸው በእርጅናቸው ተሸከሙልኝ።

ከሁሉ የበለጠ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። የሰው ልጅ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሁሉ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያው ላይ ሰደቃ እንዳለበት የሚያስተምረውን ሀዲስ ታውቁታላችሁ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። ከእናታችን ዓኢሻ በመጣው የሙስሊም ዘገባ የመገጣጠሚያዎቹ ቁጥር 360 ነው። በአቡ ሁረይራው ሀዲስ ውስጥ ሰደቃ ተብለው ከተቆጠሩት አንዱ ሰውን ወደ እንስሳው ማውጣት ወይም ዕቃውን አንስቶ መጫን ነው። ዕቃውን ማንሳት! ይህን ሀዲስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን «ጤናቸውን ልጠብቅ» ብዬ ነበር ገራዶ የወረድኩት። የመገጣጠሚያዎቼ ሰደቃ መንገድ ዳር ተቀምጦ እጁን እያነሳ ሲጠራኝ በአጠገቡ አለፍኩ። አስተግፊሩላህ።

ነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) አስቡ። ታሪካቸው በሱረቱል ቀሶስ (28፥23-24) ነው። የሚያባርር ነገር በእርግጥ ነበራቸው። ከግብፅ ነፍሳቸውን ይዘው ነው የወጡት። መድየን ውኃ ጋር ሲደርሱ ከባድ መንገድ የመጣ፣ የራበው፣ ስደተኛ ሰው ናቸው። እረኞች ሲያጠጡ ሁለት ሴቶች ግን መንጋቸውን ከልክለው ዳር ቆመዋል። እኔ ብሆን «እኔም ችግር ላይ ነኝ» ብዬ አልፍ ነበር። ሙሳ ግን ጉዳያቸውን ጠየቁ። አጠጡላቸው። ክፍያ አልጠበቁም። ከዚያ ወደ ጥላው ዞር አሉና እጃቸውን ወደ ጌታቸው ዘረጉ፤ ከእርሱ ለሚመጣ ማናቸውም መልካም ነገር ደሀ መሆናቸውን ነገሩት። ሥራም፣ ትዳርም፣ መጠጊያም የመጣላቸው ከዚያች ጥላ በኋላ ነው። «ሥራ አጣሁ፣ ትዳር ዘገየብኝ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ወንድሞች፣ ይህን ገጽ ቀስ ብላችሁ መልሳችሁ አንብቡት።

ስለ ዛሬው ቀንም አንድ ነገር ላንሳ። አላህ በሱረቱል ጁሙዓ (62፥9) ለጁሙዓ ሶላት ሲጠራን የተጠቀመበት ቃል ሰዕይ ነው። ሐጅ ላይ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የምንመላለሰውም ሰዕይ ይባላል። እናታችን ሐጀር ለልጇ ውኃ ፍለጋ በሮጠችበት ቦታ ወንዶች አሁን በአረንጓዴው መብራት መሀል ሶምሶማ ይላሉ። ታዲያ ለጁሙዓም መሮጥ አለብን ማለት ነው? ዑለማዎች እንደሚያስረዱት አይደለም። እዚህ ሰዕይ ማለት ሌላውን ሥራ ትቶ ከልብ መነሳት ነው። ምክንያቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢቃማ ሲሰማ እንኳ እንዳንሮጥ፣ ሰከን ብለን እንድንመጣ፣ የደረስንበትን እንድንሰግድና ያመለጠንን እንድንሞላ አዘዋል። አቡ በክራ (ረ.ዐ.) ሩኩዕ እንዳያመልጠው ተቻኩሎ ሰልፉ ሳይደርስ ሲያጎነብስ ለጉጉቱ ዱዓ አደረጉለትና እንዳይደግመው ነገሩት።

ሱብሓነላህ! በጠዋፍ ፍጠኑ ያሉን ነቢይ ወደ ሶላት አትሩጡ ብለውናል። እግርህ አንድ ነው፤ አደቡ ግን እንደ ቦታው ነው። በገራዶም እንዲሁ ነው። ሜዳው ላይ ፍጠን፣ ማንም አይከለክልህም። ሰው ፊት ስትደርስ ቀስ በል። አዛን ከሰማህ ሩጫው አበቃ።

እነዚያ ወይራዎች ያሉበት ቦታ ደግሞ ሌላ አደብ አለው። ያን ዕለት ከእማማ ጋር ስንሄድ እንጨቱን አይቼ የወይራ መሆኑን አወቅኩ። አንድ ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «እማማ፣ ይህ ዛፍ እኮ እየጠፋ ነው፣ ለምን ይቆርጡታል?» ልል። ለከሰልና ለማገዶ ስንት ወይራ እንደወደቀ ስለማውቅ ቁጭቱ አለብኝ። አልሐምዱሊላህ ዝም አልኩ። ራሳቸው እየሄዱ «ደረቁን ነው የለቀምኩ። እርጥቡን አንነካም፣ የቀብር ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከዛፎቹ ሥር ድንጋይ ተተክሎባቸዋል። ስንት ቀን ስሮጥበት የነበረው ጥላ የሙስሊሞች ቀብር ኖሯል! ሜዳው ሁሉ ታርሶ ወይራው እዚያ ብቻ የቀረው ሰዎች ከሙታኖቻቸው ስላፈሩ ነው። ዛፍ ስለ መጠበቅ ልሰብካቸው የነበርኩት ሴትዮ ከኔ በፊት ጠብቀውታል። ለዚያውም በማገዶ እየኖሩ።

ስለዚህ በዚያ ስታልፉ ከእግር መንገዱ አትውጡ። በቀብር ላይ መርገጥ ተከልክሏል። ሩጫችሁን ወደ እርምጃ አውርዱና ለቀብር ሰዎች ሰላምታ አቅርቡ፣ ዱዓ አድርጉላቸው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩ የሚቆጥረው ደቂቃ ቢበላሽ ይበላሽ። ሱረቱ ሉቅማን (31፥19) አካሄዳችንን መካከለኛ እንድናደርግ፣ ሱረቱል ፉርቃን (25፥63) ደግሞ የአር-ረሕማን ባሮች በምድር ላይ በእርጋታ እንደሚሄዱ ያስተምሩናል። በእርጋታ መሮጥም ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ። በነገራችን ላይ የሮጣችሁበትን ሁሉ በፎቶና በቁጥር አትለጥፉት። አንዳንዱ በአንተና በጌታህ መካከል ይቅር።

እህቶቼ «ለእኛስ?» ብላችሁ ብዙ ጊዜ ጠይቃችሁኛል። ከነቢዩ ጋር የሮጠችው እናታችን ናት፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ብቻሽን አትውረጂ። ከእህቶችሽ ጋር ሁኑ፣ ጎሕ በደንብ ይቅደድ፣ ልብሱ ሰፊና የሚሸፍን ይሁን። በዚያ ላይ ፈጣን እርምጃም ይበቃል። ወንድሞች ደግሞ እህቶች ሲያልፉ ዓይናችሁን ስበሩ፣ መንገድ ልቀቁ፣ ሳቅና ቀልዱን ተዉት። «ሴት ልጅ መሮጥ አፈረች» እያልን የምናማቸው እኛው አሳፍረናቸው እንደሆነ እናስብ።

ለጀማሪ የምለው ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሠላሳ ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። በከፍታ አገር ለሚኖር ጀማሪ መጀመሪያ መራመድ፣ ከዚያ ትንሽ ሶምሶማ፣ ከዚያ መልሶ መራመድ ነው። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ፍጥነትህ ልክ መሆኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግህም። «ሱብሓነላሂ ወቢሐምዲሂ» የሚለውን ትንፋሽህ ሳይቆረጥ ማለት ከቻልክ ልክ ነህ። «ሱብሓ…» ላይ ከቀረህ ቀንስ። ስትጨርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ከሆነ ሁለት ረከዓ ዱሓ ስገድ። በአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሀዲስ ሁለቱ ረከዓዎች የመገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ሰደቃ ይሸፍናሉ። ሱብሒን በእንቅልፍ አሳልፎ ለሩጫ የሚነሳ ግን አይምጣብኝ። ለዚያ ሰው የምመክረው ሩጫ ከአልጋው እስከ ውዱእ ማድረጊያው ያለውን ነው።

ለዚያ ወንድሜም ይህንኑ ጻፍኩለት፤ ተመልሶ ጀምሯል። ቁርኣኑንም ከመግሪብ በኋላ አንድ ገጽ እያለ ይዟል።

ባለፈው እሑድ አብረን ወረድን። አራት ነበርን። ወይራዎቹ ጋር ስንደርስ እማማ የሉም። ድንጋዩ ባዶ ነው። ልቤ ትንሽ ፈራ። ቀብሩን ተሳልመን አለፍን። ስንመለስ ከሩቅ እስሩን አየሁት፤ ከሥሩ እሳቸው ናቸው፣ ከእርሻው በኩል ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ከኔ ጋር ያሉት ልጆች ሦስቱም ሮጠው ሄዱ። እኔ ስደርስ እሳቸው ሸክማቸውን አስወርደው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጆቹ ማን ያሸክም በሚል ይከራከራሉ።

«ዛሬስ ብዙ ሆናችሁ» አሉኝ። «አረፍ በሉ፣ እኔም ልረፍ። የሚያባርረን የለ።»

ተቀመጥን።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና ሱረቱል ከህፍን ቅሩ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት አብዙ። መስጂድ ቅርባችሁ የሆነ በእግራችሁ ሂዱ፣ ቀደም ብላችሁ፣ ሳትሮጡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።